ከሀይዌይ ወጥቶ ፋስት ፉድ ማዘዝ፦ ለጾመኛና አሳማ ለማይበላ መንገደኛ

ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ተነስቶ በኢንተርስቴት 70 ወደ ኮሎምበስ ኦሃዮ የሚነዳ ሰው ፔንስልቬንያ ውስጥ ብሪዝውድ የምትባል ትንሽ ቦታ ይደርሳል። ሀይዌዩ እዚያ ላይ ይቆረጥና መኪናው ሁሉ የትራፊክ መብራት ባለው ተራ መንገድ ካለፈ በኋላ ነው ከፔንስልቬንያ ተርንፓይክ ጋር የሚገናኘው። በግራም በቀኝም ነዳጅ ማደያና ፋስት ፉድ ተደርድሯል። እንግዲህ ልጆቹ ርቧቸዋል፣ ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ከኋላ የተቀመጡት እናት ደግሞ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ሁለት ሳምንታቸው ነው እንበል።

እንዲህ ባለ ቦታ የሚቸግረው ምግብ ማጣት አይደለም። እያንዳንዱ ሳንድዊች ቺዙ፣ ማዮኔዙ፣ አንዳንዴም ቤከኑ አስቀድሞ ተወስኖለት ነው የሚመጣው፤ አውጡልኝ ካላሉ ማንም አያወጣልዎትም። ስለዚህ ከዚህ በታች አብዛኛውን ቦታ የያዘው ከየምግቡ ምን ማስወጣት እንዳለብዎና ምን ብለው እንደሚያስወጡ ነው።

ከመውጫው በፊት

የት እንደሚበሉ የሚወሰነው ገና ሀይዌዩ ላይ ሳሉ ነው። የማያውቁት ትንሽ ከተማ ገብቶ እየዞሩ መፈለግ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ያለውም ሁለት ወይም ሦስት ቤት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከኤግዚቱ ቀደም ብሎ የሚቆመው ሰማያዊ ሰሌዳ የምግብ ቤቶቹን ምልክት ያሳያል፣ በአንድ ሰሌዳ እስከ ስድስት ድረስ። ቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከመውጫው በ3 ማይል ውስጥ ናቸው። ራምፑ (ከሀይዌዩ የሚያወጣው መንገድ) ጫፍ ላይ ደግሞ ቀስትና ርቀት ያለበት አነስ ያለ ሰሌዳ ያገኛሉ። 0.3 ካለ ደርሰዋል ማለት ነው። 3 ማይል ካለ ግን ሄዶ መመለሱ ብቻ ከ10 ደቂቃ በላይ ስለሚወስድ ተመልሰው ወደሚቀጥለው ኤግዚት ቢነዱ ይሻላል።

በአብዛኞቹ ግዛቶች የኤግዚቱ ቁጥር የማይሉ ቁጥር ነው። ኤግዚት 150 ላይ ሆነው ታኮ ቤል ያለው ኤግዚት 118 ላይ ከሆነ 32 ማይል ይቀርዎታል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሽንቱ የመጣ ልጅ ያን ያህል ይቆይ እንደሆነ በዚህ ያሰሉ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው (እዚህ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው)። ቁርስ በብዙ ቤት ጠዋት 10:30 ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በፊት በርገር፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የቁርስ ሳንድዊች ላያገኙ ይችላሉ። እሑድ ቺክፊሌ የተባለው የዶሮ ሳንድዊች ቤት በመላ አገሪቱ ዝግ ነው። በዚያው እሑድ እኩለ ቀን ላይ የአካባቢው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በቀጥታ ወደ ምግብ ቤት ስለሚገባ ሰልፉ ይረዝማል፣ ከ11:30 በፊት ይድረሱ። አርብ ማታ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ ካዩ አንድ ሙሉ የስፖርት ቡድን ከፊትዎ አዝዟል ማለት ነውና ጎን ያለውን ቤት ይሞክሩ። ማታ ከመሸ ደግሞ የውስጡ አዳራሽ ተዘግቶ ድራይቭ ስሩ (ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት የሚታዘዝበት) ብቻ ክፍት ሆኖ ያገኛሉ። ያኔ ሽንት ቤት የለም፤ ከነዳጅ ማደያው ጨርሰው ይምጡ።

በመስኮት ወይስ ገብቶ?

ድራይቭ ስሩ የሚበጀው ምንም የሚወጣ ነገር ከሌለ ወይም አንድ ብቻ ከሆነ ነው። ከሁለት በላይ ለውጥ ካለ መኪናዎን አቁመው ይግቡ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በመስኮት የሚያልፈው መኪና በሰከንድ ስለሚለካ ሠራተኛው ይቸኩላል። ከዚያ ላይ የሞተር ድምፅና የእኛ አነጋገር ሲጨመር «ኖ ቺዝ» ያሉት «ሞር ቺዝ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል። በመስኮት የግድ ካዘዙ ኤሲውንና ሙዚቃውን ያጥፉ፣ የምግቡን ቁጥር መጀመሪያ ይናገሩ፣ ለውጡን ቀጥሎ፣ መጠጡን መጨረሻ። ከማይክሮፎኑ ጎን ትእዛዝዎ የሚወጣበት ስክሪን ካለ ዋጋውን ትተው ከእያንዳንዱ ምግብ ሥር የተጻፈውን ያንብቡ። «ኖ ማዮ» የሚለው እዚያ ካልታየ ወጥ ቤቱም አያየውም።

ዩሆል ተከራይተው ዕቃ የሚያጓጉዙ ወይም ጣሪያ ላይ ሳጥን የጫኑ ደግሞ መግቢያው ላይ የተንጠለጠለውን የከፍታ ምልክት ሳያነቡ አይግቡ። ብዙ ጊዜ 9 ጫማ አካባቢ ነው። የዕቃ መጫኛ መኪና ከዚያ በላይ ስለሚሆን ጣሪያውን ይገጨዋል፤ ከኋላ መኪና ከተሰለፈ መውጫም የለም።

ውስጥ የንክኪ ስክሪን ካለ ለእንግሊዝኛው ለሚቸገር ሰው ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ምግቡን ነክተው «ከስተማይዝ» የሚለውን ሲጫኑ በውስጡ ያለው ሁሉ በተራ ይወጣል፤ የማይፈልጉትን አንድ በአንድ ይሰርዛሉ፣ ማንም አያጣድፍዎትም። የስልክ መተግበሪያውም ያንኑ ያደርጋል። ግን አንድ ስህተት ይደጋገማል፦ መተግበሪያው የመረጠው ቅርንጫፍ ያለፉት ከተማ ያለው ሊሆን ይችላል። ከመክፈልዎ በፊት የመንገዱን ስም ፊት ለፊትዎ ካለው ቤት ጋር ያመሳክሩ፤ በሌላ ከተማ የተከፈለ በርገር እዚህ አይሰጥም።

የጾም ቀን ከሆነ

መጀመሪያ አንድ ቃል። «ቬጀቴሪያን» ካሉ ቺዝና እንቁላል ይገባበታል። ለእኛ ጾም የሚቀርበው ቃል «ቪጋን» ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህንም የማያውቅ ሠራተኛ ስለሚያጋጥም ዘርዝሮ «ኖ ሚት፣ ኖ ቺዝ፣ ኖ ሚልክ፣ ኖ ኤግ» ማለት ያዋጣል።

ብዙ ሰው «ድንች ጥብስ ከሆነ ጾም ነው» ብሎ ያዛል። የማክዶናልድስ ፍራይስ ግን በአሜሪካ የጾም አይደለም። ድርጅቱ በ1990 ከበሬ ሞራ ወደ አትክልት ዘይት ቢዞርም ድንቹ ላይ የበሬ ሥጋ ጣዕም ማጣፈጫ ይጨመርበታል፤ በማጣፈጫው ውስጥ ከወተት የተገኘ ነገር አለ። ይህን ባለማሳወቁ ሂንዱዎችና ሥጋ የማይበሉ ሰዎች በ2001 ከሰውት በ2002 በ10 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ማጣፈጫው ግን ዛሬም በራሱ በድርጅቱ የንጥረ ነገር ዝርዝር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጠዋት የሚሸጠው ሀሽ ብራውንም እንዲሁ ነው። ስቴክ ኤንድ ሼክ ደግሞ በ2025 ፍራይሱን ወደ በሬ ሞራ መልሶታል። በሌሎች ቤቶች ድንቹ ራሱ የጾም ቢሆንም ዶሮ ወይም ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ሊገባ ስለሚችል «ኢዝ ዘ ፍራየር ሴፓሬት?» ብለው ይጠይቁ። «ኖ» ካሉ ውሳኔው የእርስዎ ነው።

ለጾመኛ ከሁሉም የሚመቸው ታኮ ቤል ነው፤ ሰማያዊው ሰሌዳ ላይ ምልክቱን ካዩ አይለፉት። የሚታዘዘው «ቢን ቡሪቶ፣ ፍሬስኮ ስታይል» ነው። ቢን ቡሪቶ በቂጣ የተጠቀለለ የተፈጨ ባቄላ፣ ቀይ ሶስ፣ ሽንኩርትና ቺዝ ነው። «ፍሬስኮ» የሚለው ቃል ቺዙንና ክሬሙን ያወጣና በምትኩ ቲማቲም ያስገባል፤ በአንድ ቃል ሁለት «ኖ» ያተርፋሉ። ባቄላው ሞራ የለበትም። ይህ ግን ለታኮ ቤል ብቻ የሚሠራ ነው፤ በየትንሽ ከተማው ያሉ የሜክሲኮ ምግብ ቤቶች የተፈጨውን ባቄላ በአሳማ ሞራ የሚያበስሉበት ጊዜ ስላለ እዚያ ሲገቡ «ኢዝ ዜር ላርድ ኢን ዘ ቢንስ?» ሳይሉ አይዘዙ። ጥቁሩ ባቄላና ሩዙ ታኮ ቤል ውስጥ ይሆናሉ፣ ለልጆች ሲናመን ትዊስት የሚባለው ጣፋጭም ይሆናል። ብርቱካናማው የዶሪቶስ ታኮ ግን ቅርፊቱ ላይ ቺዝ ስላለበት ያስገድፋል።

አንድ ሰው በሁለት ቢን ቡሪቶ ይጠግባል። ወረቀቱን ሲፈቱ ጫፉን በጣት ከፈት አድርገው ይዩ፤ ቢጫ ክር የሚመስል ነገር ከባቄላው ጋር ተጣብቆ ከተሳበ ቺዝ ነው፣ ይመልሱት።

ዌንዲስ ከሆነ «ፕሌን ቤክድ ፖቴቶ» ይዘዙ። በፎይል ተጠቅልሎ የተጋገረ ሙሉ ድንች ነው። «ፕሌን» ካላሉ ቅቤና ሳወር ክሬም ሊከተለው ይችላል። መኪናው ውስጥ ሚጥሚጣ ካለ የዚህ ድንች ነገር ሌላ ነው፦ ከላይ በቢላዋ ቀደው፣ ከሁለት ጎን ጫን ሲሉት ነጩ ወጣ ብሎ ይፈረፈራል፤ በእንፋሎቱ ላይ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሰው በፕላስቲኩ ሹካ ቢያማስሉት እናት ሳይቀሩ ወድደው ይበሉታል። ሚጥሚጣውን በትንሽ ክዳን ባለው ጠርሙስ አድርገው የመኪናው ኪስ ውስጥ ቢያኖሩ ለማንኛውም ፋስት ፉድ ይሆናል።

በርገር ኪንግ ከነሐሴ 2019 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ኢምፖሲብል ዋፐር ይሸጣል፤ ሥጋ መሳዩ ከዕፀዋት የተሠራ ነው። ሁለት ነገር ግን አለበት። አንደኛ ማዮ ይቀባበታል፣ ማዮ ደግሞ እንቁላል ነው፤ «ኖ ማዮ» ይበሉ። ሁለተኛ በርገር በሚጠበስበት እሳት ላይ ነው የሚያልፈው። ይህን የማይፈልግ «ኖት ኦን ዘ ብሮይለር» ቢል ለይተው ያሞቁለታል። ያ መነካካት ጾምን ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም የሚለውን ለነፍስ አባትዎ እንተወዋለን።

ሰብዌይ ላይ ሁሉም ነገር ዐይንዎ እያየ ስለሚሠራ ይቀላል። «ቬጂ ዴላይት» በኢታሊያን ዳቦ ይዘዙ፣ ቺዝ የተጋገረበትን ዳቦ ይተዉ፣ ሠራተኛው ገና ሳይጀምር ጓንት እንዲቀይር ይጠይቁ። ሥጋና ቺዝ የነካ ጓንት ነው ቲማቲሙን የሚያነሳው፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ከሶስ ሰናፍጭ፣ ዘይትና ኮምጣጤ ይሆናሉ። ራንች፣ ማዮና «ክሪሚ» የሚል ስም ያለው ሁሉ ወይ ወተት ወይ እንቁላል አለበት። ሃኒ መስተርድ ሰናፍጭ ቢመስልም እንቁላል የሚገባበት ብዙ ነው።

ዓሣ ለሚበሉ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። የማክዶናልድስ ፊሌ ኦ ፊሽ የተፈጠረው በ1962 ሲንሲናቲ ውስጥ ነው፤ ሉ ግሮን የተባለ የቅርንጫፍ ባለቤት አርብ ሥጋ ለማይበሉ ካቶሊክ ደንበኞቹ ብሎ ነው የጀመረው። የእነሱ ጾም ግን ወተትና እንቁላል አይከለክልም፤ ስለዚህ ሳንድዊቹ ግማሽ ቁራጭ ቺዝና እንቁላል ያለበት ታርታር ሶስ ይዞ ይመጣል። ለጾም የተሠራ ምግብ ነው ሲባል ሰምተው እንዳይሳሳቱ።

ቡናም ይጾማል። «ብላክ» ብለው ይዘዙ። በየማደያው ያለው «ነን ዴይሪ» የሚል የዱቄት ክሬመር ስሙ ወተት የለበትም ይበል እንጂ ብዙ ጊዜ ሶዲየም ኬዝኔት የሚባል ከወተት የሚወጣ ነገር አለበት፤ ጀርባውን ቢያነቡ ተጽፎ ያገኙታል።

አሳማ የሚደበቅባቸው

ቤከን፣ ሀም፣ ሶሴጅ፣ ፔፐሮኒ፣ ካርኒታስ፣ ቾሪዞ፣ ፑልድ ፖርክ። እነዚህን ስሞች በቃል ይያዙ፣ ለእንግዳ እናትዎም ይንገሩ። የቁርስ ሶሴጅ «ተርኪ» ካላለ በስተቀር አሳማ ነው ብለው ይውሰዱት፤ ቢስኪት ላይ የሚፈሰው ነጭ ግሬቪም ብዙ ጊዜ ያው ሶሴጅ አለበት።

ከቨርጂኒያ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ጥንቃቄው ሌላ መልክ ይይዛል። እዚያ በየትንሽ ከተማው ያሉ የዶሮና የባርቤኪው ቤቶች ጎመኑን፣ ፎሶሊያውንና ባቄላውን በአሳማ እግር ወይም በቤከን ማብሰል ልማዳቸው ነው። ጎመኑ የእኛን ጎመን ስለሚመስል ሰው ሳይጠይቅ ይበላል። «ኢዝ ዜር ፖርክ ኢን ዘ ግሪንስ?» ቢሉ በግልጽ ይነግሩዎታል፤ የደቡብ ሰው ይህን ሲጠይቁት አይከፋም። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት በሆነው በዋፍል ሃውስ ደግሞ ድንቹ ቤከን በሚጠበስበት ብረት ላይ ስለሚሠራ አሳማ ፈጽሞ እንዲነካባቸው ለማይፈልጉ አይሆንም።

ለሙስሊም መንገደኞች፦ የታላላቆቹ ድርጅቶች ሥጋና ዶሮ በአጠቃላይ ሐላል ተብሎ የታረደ አይደለም። በየትንሽ ከተማው የሚያዋጣው የጾም ምግብ ያልነው ዝርዝር ወይም ዓሣ ነው፤ ዓሣው ከዶሮ ጋር በአንድ ዘይት ይጠበስ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሲያዝዙ የሚባለውና የሚጠየቁት

ቁጥር ሲጠሩ «ሚል ኦር ጀስት ዘ ሳንድዊች?» ይሉዎታል። «ሚል» ካሉ ፍራይስና መጠጥ ይጨመራል፤ ለጾመኛ ፍራይሱ ትርፍ ወጪ ሊሆን ስለሚችል «ጀስት ዘ ሳንድዊች» ይበሉ። «ፎር ሂር ኦር ቱ ጎ?» እዚሁ ነው ወይስ ይዘው ሊሄዱ ነው። «ፑል ፎርዋርድ» ካሉዎት ምግቡ አልደረሰም፣ ቁጥር ወዳለበት ማቆሚያ ሄደው ይጠብቁ፣ ያመጡልዎታል። «ፕሌን» የሚለውን በበርገር ላይ በጥንቃቄ ይጠቀሙ፤ ሰላጣውንም ቲማቲሙንም ያወጣል፣ ቺዙን ግን ሊተወው ይችላል።

ለመጾም ብለው «አለርጂ አለብኝ» አይበሉ። አለርጂ ሲባል ወጥ ቤቱ ሥራ አቁሞ ዕቃ ሊያጥብ፣ ወይም አንሸጥም ሊል ይችላል፤ በእውነት የሚታመመውንም ሰው ቃል ያረክሳል። «ፎር ሪሊጀስ ሪዝንስ» ቢሉ ይበቃል። በትንሽ ከተማ ሃይማኖት የሚከበር ነገር ነው።

መጠጥ ትንሹን ይዘዙ። የማክዶናልድስ ትልቁ ብርጭቆ 30 አውንስ ነው፣ አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽንት ቤት ያስፈልግዎታል። በረዶ ለማይወዱ ወላጆች «ኖ አይስ»። ሰሌዳው ላይ ያለው ዋጋ ታክስ የለበትም፣ ሲከፍሉ ይጨመራል። ጉርሻ አይጠበቅም፤ የክፍያው ስክሪን ቢጠይቅዎትም «ኖ ቲፕ» ማለት ነውር አይደለም። ደረሰኙን አይጣሉ፤ የሽንት ቤቱ የበር ቁጥር እሱ ላይ የሚጻፍበት ቤት አለ፣ ስህተት ከተገኘም ያዘዙትን የሚያሳየው እሱ ነው።

መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት

ከረጢቱን እዚያው ማቆሚያው ላይ ይክፈቱ። ሀይዌዩ ላይ ከወጡ በኋላ የተገኘ ቤከን 20 ማይል ተመልሶ የሚቀየር አይደለም። ሳንድዊቹን ሙሉ በሙሉ አይፍቱት፤ የላይኛውን ዳቦ በሁለት ጣት ከፍ አድርገው ከሥሩ ይመልከቱ። ማዮ ሰላጣው ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ቺዝ ደግሞ ቀልጦ ከሥጋው ጠርዝ ይንጠለጠላል። ካገኙ ከነደረሰኙ ይመለሱና «ኩድ ዩ ሜክ ኢት ኦቨር፣ ፕሊዝ?» ይበሉ። ፍቆ ወይም ጠርጎ መመለስ አለና «ኦቨር» የምትለዋ ቃል አትቅር፤ አዲስ ሥሩልኝ ማለት ነው።

ለትራክ ሾፌሮች አጭር ማስታወሻ። 13 ጫማ ከ6 ኢንች ከፍታ ይዘው ከተማ ውስጥ ያለ ፋስት ፉድ ግቢ መግባት መውጫ ያሳጣል። በላቭስ፣ በፓይለትና በፍላይንግ ጄ ማደያዎች ውስጥ ፋስት ፉድ አለ፤ የትኛው ውስጥ ምን እንዳለ መተግበሪያቸው ያሳያል። ሕጉ 8 ሰዓት ከነዱ በኋላ የሚጠይቀው 30 ደቂቃ እረፍት በሰልፍ ላይ እንዳያልቅ ከመድረስዎ 10 ደቂቃ በፊት ትእዛዙን በስልክ ይላኩ፤ ስልኩን የሚነኩት ግን ቆመው ነው።

የተረፈውን ምግብ በተመለከተ፦ ከ2 ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ የቆየ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም ባቄላ ይጣላል። የውጭው ሙቀት ከ90 ዲግሪ ፋራናይት ካለፈ፣ በጋ ላይ ቴክሳስ ውስጥ ዘወትር እንደሚያልፈው፣ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ልጆቹ ማታ እንዲበሉት የሚያስቡ ከሆነ በረዶ ያለበት ሳጥን ይያዙ፤ ካልሆነ ለመንገዱ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከቤት ይዘው ይውጡ፣ እነሱ ሙቀት አያበላሻቸውም።